ከዳር የተቀመጠችው ሴት

«እኔ እኮ ድኛለሁ» አለች ብሩሽ፣ የቁርስ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች። «ስልሽ ለወሬ ያህል እንዳይመስልሽ። ዛሬ መንገድ ላይ ፊት ለፊቴ መጥቶ ቢገተር፣ ይቅርታ ወንድም፣ አሳልፈኝ ብዬ ነው የማልፈው። መልኩ ራሱ ጠፍቶብኛል።»

እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሥራ ካልሲዋን ትሰፋ ነበር። «እህ» አለች፣ ቀና ሳትል። ይህች «እህ» የዚያ ቤት ሦስተኛ ነዋሪ ናት። አንዳንዴ «ገብቶኛል» ማለት ናት፣ አንዳንዴ «ዝም በይ»፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ምንም ማለት አይደለችም፤ እንደ ዘበኛ በር ላይ ቆማ ወሬ ወደ ውስጥ እንዳያልፍ ትከለክላለች እንጂ። ቤቱ ራሱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። ድሮ ሁለት ነበር፤ ኪራዩ ሲጨምር፣ ደግሞ ሲጨምር፣ አንዱን ለቀው የቀረውን በመጋረጃ ከፈሉት። ምድር ቤቱ ጎማ ቤት ስለሆነ መንፊያው በተነሳ ቁጥር መደርደሪያ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንሾካሾካሉ። በረንዳው ገመድ ላይ የእናቷ ሰማያዊ ቀሚስ ታጥቦ ተሰጥቷል። ብሩሽ በመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችላት ቀሚስ ነው፤ እናቷ ቅዳሜ ዕለት ለብሳው የወጣችው እግሯን የታመመች ጓደኛዋን ልትጠይቅ ነበር። ለበሽተኛ ጥየቃ በዛ ብላ ነበር ብሩሽ በሆዷ፣ ግን እናት ናት፣ ትልበስ። ይልቅ ሮጣ ወርዳ አንድ ኪሎ ብርቱካን ገዝታ፣ ዋጋውን እየረገመች፣ «ለበሽተኛዋ» ብላ አስይዛት ነበር። አሁን የእናቷ ስልክ ጠራ። እናቷ አየችውና ካልሲውን አስቀምጣ፣ አየር ልቀበል ብላ ወደ ደረጃው ወጣች። ሰሞኑን አየር መቀበል አብዝታለች።

የዳነችው ከማን እንደሆነ ጎረቤቱም የሥራ ቤቱም ያውቃል። ስሙን ስለማትጠራ፣ ኢንሹራንስ ሻጭ ስለሆነ፣ «ኢንሹራንሱ» ትለዋለች። ሲናገር ሰው ጆሮውን ብቻ ሳይሆን ፊርማውንም የሚሰጠው ዓይነት ነው። ሰው ፊት ወንበር ይስብላታል፤ ቤት ሲገቡ «ስትስቂ ድድሽ ቀድሞ ነው የሚወጣው» ይላታል። ሲቆጣ አይጮህም፤ ሳምንት ሙሉ ዝም ይላል፣ እሷ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ይቅርታ እስክትለምን። እንዲህ ሦስት ዓመት አብራው ኖራ፣ አንድ ቀን ሻንጣዋን ጎትታ እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ፣ እናቷ በሩን ከፍታ ሻንጣውን አየት አደረገችና «ምን አድርገሽው ነው?» አለቻት። ግቢ አላለቻትም፤ ምን አድርገሽው ነው። እሱ ቀድሞ ደውሏል ለካ። አልቅሷልም። ልጅሽ ሐኪም ያስፈልጋታል፣ እኔ የምችለውን ሞክሬያለሁ ብሎ።

ከዚያ ወዲህ ብሩሽ ማታ ማታ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ስለ እንዲህ ዓይነት ሰው የሚያወሩትን ስልኳ ላይ ትሰማለች። «ናርሲሲስት» የሚለውን ቃል፣ ከራሱ ሌላ ሰው የማይወድ ማለት ነው፣ ያገኘችው እዚያ ነው። ወዳው እንደ አዲስ ጫማ በየቦታው ይዛው ትዞራለች። ፎቶ ቤት አብራት የምትሠራው ገንዘብ ተቀባይ ቃሉን ስትሰማ የኩላሊት በሽታ መስሏት «ታዲያ ውሃ አይጠጣም?» ብላታለች። ስልኩ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ምክራቸው አንድ ነው፤ ራስሽን ጠግኚ፣ እሱ የሥራውን ያገኛል። ብሩሽ ራሷን ጠግናለች። የቀረው የእሱ ማግኘት ነበርና፣ በየቀኑ የኢንተርኔት ገጹን ከፍታ «አገኘው ይሆን?» እያለች ታያለች። ያገኘው አዲስ መኪና ነው። ባለፈው ወር ገጹን ዘጋባት፤ እሷ ግን ለሰው የምትለው «ማየት አቁሜያለሁ» ነው። ከዚህ ሌላ የምትጠብቀው አንድ ነገር አለ፣ እሱን ለማንም አትናገርም። እናቷ አንድ ቀን «ልክ ነበርሽ» እንድትላት ትፈልጋለች። መኪናውም ይሁንለት፣ ሌላውም ይሁንለት፤ ይህቺን ቃል ከእናቷ አፍ ብትሰማ ግን ማዳመጫውን ከጆሮዋ የምታወጣ ይመስላታል።

ፎቶ ቤቱ በፍራሽ መሸጫና በመድኃኒት ቤት መካከል የተሰካ ጠባብ ክፍል ነው። ከፊት ባንኮኒው፣ ከባንኮኒው ኋላ ጥፍሯን የምትቀባው ገንዘብ ተቀባይ። ግድግዳው ላይ የጉርድ ፎቶ ዋጋ ተለጥፏል፤ ዋጋ በተጨመረ ቁጥር በአሮጌው ወረቀት ላይ አዲስ ስለሚለጠፍ ዋጋው ከግድግዳው ጣት ያህል ወጥቷል። ከመጋረጃው ጀርባ መስኮት የሌለው ጓዳ አለ፣ ውስጡ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማራገቢያና እሷ። ሥራዋ የሰው ፊት ማስተካከል ነው። ብጉር ታነሳለች፣ ላብ ትጠርጋለች፣ ከሸሚዝ ላይ እድፍ ታስለቅቃለች፤ ይህን የምትሠራበት የኮምፒውተሩ መሣሪያ ብሩሽ ስለሚባል ስሙ እሷ ላይ ቀረ። ከሁሉ የተካነችው ግን ዓይን መክፈት ላይ ነው። በቡድን ፎቶ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ካሜራማኑ ያንኑ ሰልፍ ደጋግሞ ያነሳል፣ እሷም ከአንዱ ፎቶ የተከፈተውን ዓይን ቆርጣ በሌላው ላይ ለጨፈነው ባለቤቱ ትመልስለታለች። ለአንድ ዓይን የአንድ ዳቦ ዋጋ ይጨመራል። ሁለቱንም የጨፈኑ ሰዎች ቅናሽ ይጠይቃሉ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም ጋሼ የሚሉት፣ የዚያኑ ቀን ጠዋት ፍላሽ ሰጣት። የቅዳሜ ሠርግ ነው፣ ከውጭ ካሜራማን የመጣ፤ ሙሽራዋ ከሰዓት ስለምትመጣ ዋና ዋናዎቹን አድርሺልኝ አላት። ብሩሽ ፍላሹን ሰካች። የመጀመሪያው ፎቶ ቀለበት ያደረጉ የሁለት ሰዎች እጅ ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። መልኩ የጠፋባት ልጅ በአውራ ጣቱ ጥፍር አወቀችው።

ገንዘብ ተቀባይዋን ጠርታ አሳየቻት። ልቧ ምንም እንዳልመታ፣ እንዲያውም እንዳሳቃት፣ አዲሷን ልጅ እንደምታዝንላት በሰፊው አስረዳች። ይህን ስታስረዳ ፎቶውን ሦስት ጊዜ ዘግታ ሦስት ጊዜ ከፈተችው። ገንዘብ ተቀባይዋ ጊዜ አላጠፋችም። ፀጉሩን ከፊት አንሺለት፣ አፍንጫው ላይ ትንሽ ጨምሪበት፣ ማን ያውቃል አለቻት። ብሩሽ ግን ኮራ ብላ እኔ አልነካውም፣ የሥራውን ራሱ ያገኛል አለችና መጋረጃውን ዘጋች። እውነቷን ነው፣ አልነካችውም። ግንባሩ ላይ የነበረውን ላብ ግን ሳትጠርግ ተወችው። ላብ የራሱ ነው።

የቡድን ፎቶዎቹ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ አቅርባ መሥራት ጀመረች። ይህ ሥራ በጣም አቅርቦ ማየት ነው የሚጠይቀው። ስክሪኑ ሙሉ አንድ ዓይን ይሆናል፤ ሽፋሽፍቱ ሽቦ ያህላል፣ ቆዳው ውኃ የሸሸው መሬት ይመስላል፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም። መታወቅም የለበትም፣ ሥራ ያስፈታል። በቤተሰብ ፎቶው ላይ ከሙሽራው ቀጥላ ከዳር የተቀመጠች አንዲት ሴት ብልጭታው ባበራ ቁጥር ዓይኗን ጨፍናለች። በአንደኛው ጨፍናለች፣ በሚቀጥለውም ጨፍናለች። ብሩሽ እየተነጫነጨች ፈለገች፤ መጨረሻው ፎቶ ላይ የተከፈቱ ዓይኖች አገኘች፣ ቆረጠች፣ አምጥታ ተከለች፣ ዳር ዳሩን አለሰለሰች። አማረላት። ከዚያ ከቅንድቡ በታች ያለውን ትንሽ ጠባሳ ልታነሳ ብሩሹን አስጠጋችና እጇ ቆመ። ይህን ጠባሳ ታውቀዋለች። ሕፃን ሆና በወረወረችው ማንኪያ የመጣ ነው፤ እናቷ ለእንግዳ ሁሉ እየሳቀች ስትተርከው ነው ያደገችው። ፎቶውን ቀስ ብላ አራቀችው። ፊቱ መጣ፣ ከፊቱ በታች ሰማያዊው ቀሚስ መጣ፣ ቀሚሱ ትከሻ ላይ የኢንሹራንሱ እጅ መጣ።

ማራገቢያው ይዞራል። ብሩሽ አላለቀሰችም። ሌሎቹን ፎቶዎች አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። እናቷ ፊት ወንበር ላይ። እናቷ ኬክ እየጎረሰች፣ የሚያጎርሳት እሱ። እናቷ ስትስቅ፤ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ብሩሽ ከተመለሰች ወዲህ ያላየችው ሳቅ። ያ «እህ» የትም የለም። በአንዱ ፎቶ ላይ፣ ከጠረጴዛው እግር ሥር፣ ስታስተውል አንድ ፌስታል አየች፣ በስሱ ላስቲክ ውስጥ ብርቱካን ይታያል። ይዛው ሄዳለች። ለሱ። ብሩሽ ዋጋውን እየረገመች የገዛችውን። ከሁሉ ያቃጠላት ይሄ ነው፤ ለምን ብርቱካኑ እንደሆነ አትጠይቋት። ምሳ ሰዓት ገንዘብ ተቀባይዋ ነይ እንብላ ስትላት፣ ሥራ አለብኝ ብላ እንደተቀመጠች ቀረች።

ሙሽራዋ ከሰዓት መጣች። ብሩሽ እባብ ነበር የጠበቀችው። የመጣችው ቀጭን፣ ትሑት፣ ጓዳው ውስጥ ወንበሩን ራሷ አምጥታ ሳትጋበዝ የማትቀመጥ ልጅ ናት። አስቸገርኩሽ ትላለች፣ ሳታስቸግር። በየንግግሯ መሐል «እሱ እንዳለው» የሚል አለ፤ እሱ እንዳለው ሽፋኑ ጥቁር ይሁን፣ እሱ እንዳለው የእሷ ዘመዶች ወደ ኋላ ገጽ ይሂዱ። ስትስቅ እጇ ወደ አፏ ይሮጣል። ብሩሽ ያንን እጅ ታውቀዋለች፤ ሦስት ዓመት የራሷ እጅ ነበር። ልጅቷ ከሥሩ የተደበቀውንም ነገረቻት። የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው፤ ይዘጋልኝ አለች፣ እሱ ፎቶ ላይ ቀዳዳ ይመስላል ስለሚል።

«እኔ ብሆን አልነካውም» አለች ብሩሽ። «ሰው አጥቶት ነው።»

«አንቺ አላገባሽውማ» አለች ልጅቷ፣ በየዋህነት፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

ብሩሽ ፍንጭቱን ዘጋችው። ልጅቷ ስክሪኑን ጠጋ ብላ አየችው፣ ማራኪ ነው አለች፣ ድምፅዋ ግን ሳይጠራ ሰው ቤት እንደገባ ሰው ዝቅ አለ። ከዚያ የቤተሰብ ፎቶው ላይ ሲደርሱ ጣቷን ዘርግታ ከዳር የተቀመጠችውን ሴት አሳየቻትና እቺ ሴትዮ ትውጣ ተብሏል አለች። ቀሚሷ መጋረጃ ይመስላል፣ ፎቶውን አደብዝዞታል ብሏል። ብሩሽ ቀስ ብላ፣ የሥራ ጥያቄ አስመስላ፣ ማን ናት አለቻት። ልጅቷ ትከሻዋን ነቀነቀች። ድሮ ቤት ያከራየችው ሴትዮ ናት፣ ሰው የላትም፣ አዝኖላት ነው የጠራት፣ እሱ እንዳለው።

አሁን እዚህ ጋ ብሩሽ ልትለው የምትችለው ነገር ሞልቷል። እናቴ ናት ማለት ይቻላል። ሰው አላት፣ እኔ አለሁ ማለት ይቻላል። ስለ ናርሲሲስት የሰማችውን ሁሉ፣ አንድ ሳምንት የሚፈጅ ትምህርት፣ ወንበር ላይ ለተቀመጠችው ልጅ መስጠት ይቻላል። እሷ ግን ሌላ ነገር ታይቷት ነበር፤ የእናቷ ፊት፣ ማታ፣ ይህን ሲሰማ። ስልኩ ላይ ያሉት ሰዎች ቃል የገቡላት ዕቃ፣ የሥራን ማግኘት፣ በመጨረሻ መጥቷል። አድራሻው ተሳስቶ እናቷ ጋ ደረሰ እንጂ መጥቷል። ብሩሹን አነሳች። መጀመሪያ ቀሚሱን አነሳች፣ ከዚያ ጉልበቱን፣ ከዚያ እጆቹን፣ ከዚያ ፊቱን። ጠዋት የከፈተቻቸው ዓይኖች የመጨረሻዎቹ ነበሩ፤ እነሱንም አነሳች። ቦታውን ከጀርባ ባለው መጋረጃና በአበባ ሞላችው። ትከሻዋ ላይ የነበረው የሙሽራው እጅ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ከሌላ ፎቶ ብርጭቆ አምጥታ አስያዘችው። ከሠራችው ሥራ ሁሉ የዚያን ቀን ያህል ጥርት ያለ ሠርታ አታውቅም። ልጅቷ «በስመ አብ፣ ያልነበረች እኮ ነው የምትመስለው» አለች።

ልጅቷ ስትወጣ ብሩሽ እስከ መጋረጃው ሸኘቻት። ልትነግራት አፏን ከፈተች፣ የሰማችው ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ተሰለፈ፣ የወጣው ግን «አልበሙ ሐሙስ ይደርሳል» ነው። ልጅቷ አመሰገነች፣ ለገንዘብ ተቀባይዋም ሳቀችላት፣ እጇ አፏ ላይ። ብሩሽ ተመልሳ ሁለቱን ፎቶዎች፣ እናቷ ያለችበትንና የሌለችበትን፣ በትልቁ አተመች። ጋሼ የወረቀቱን ዋጋ ከደመወዝሽ እቆርጣለሁ አላት። ቁረጥ አለችው። ጋሼ እንዲህ ዓይነት መልስ ስላልለመደ መነጽሩን አወለቀ።

ቤት ስትደርስ እናቷ ከሥራ ገብታ፣ የመሥሪያ ቤቱን የጽዳት ጋዋን በሩ ላይ ሰቅላ፣ ሾርባ ታሞቅ ነበር። ሰማያዊው ቀሚስ ተተኩሶ ሚስማር ላይ ወጥቷል። ብሩሽ ቦርሳዋን ሳታወርድ ተቀመጠች።

«ጓደኛሽ፣ እግሯ እንዴት ሆነላት?»

«ይሻላታል።»

«ብርቱካኑን በላችው?»

«እህ።»

የመጀመሪያውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። እናቷ ምድጃውን አጠፋች፣ እጇን ጠረገች፣ ቀረብ ብላ አየችው። አልካደችም። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ታች መንፊያው ሲጮህ ብርጭቆዎቹ ተንሾካሾኩ፤ ዝም ሲል እነሱም ዝም አሉ። በመጨረሻ ፎቶውን እያየች መናገር ጀመረች። በየሳምንቱ ይደውላል። እማዬ ይላል፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው ይላል። ጉልበቷን የሚጠይቃት ሌላ ሰው የለም፤ ልጇ ማታ ማታ ማዳመጫ ሰክታ ከግድግዳ ጋር ትተኛለች። ፊት ወንበር ላይ አስቀምጥሻለሁ ሲላት ሄደች። ብሩሽ እስክትጨርስ አልጠበቀችም። ፊት ወንበር ያስቀመጠሽ፣ የገዛ እናቷ እንኳን ከእኔ ጋር ናት ብሎ ለሚያውቁን ሰዎች ሊያሳይ ነው፤ የመስኮት ማሳያ ዕቃ አደረገሽ አለቻት። እናቷ «እህ» እንኳ አላለችም።

ያኔ ብሩሽ ሁለተኛውን ፎቶ አወጣች። ይህቺን ሰዓት ከቀትር ጀምሮ ስትጠብቃት ነበርና ቸኩላ እንዳታበላሻት ቀስ ብላ አስቀመጠችው። እናቷ ራሷን ፈለገች። ጣቷ ከሙሽራዋ ወደ ሙሽራው፣ ከሙሽራው ወደ ዳር ሄደ፣ ብርጭቆው ላይ ቆመ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ብሩሽ ሁሉንም ነገረቻት። አከራይ እንደተባለች። ሰው የላትም እንደተባለች፣ አዝኖላት እንደጠራት። ቀሚሷ መጋረጃ እንደሚመስል። አንዱንም አላስቀረችም፣ አንዱንም አላለሰለሰችም። ከዚያ ያቺን ቃል ጠበቀች።

እናቷ ፎቶውን ወደ አምፖሉ አቀናችው። «ልጅቷ ይህን ስትል አንቺ እዚያ ነበርሽ?»

«አጠገቧ ነበርኩ።»

«እናቴ ናት አላልሻትም።»

ብሩሽ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። «አጥፏት ያለው እሱ ነው» አለች። «አየሽው አሁን? አየሽ ማን እንደሆነ?»

እናቷ ፎቶውን ገልብጣ፣ ነጩን ወደ ላይ አድርጋ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እሱስ ባዳ ነው» አለች። «ያጠፋሽኝ አንቺ ነሽ።»